ኮድሽን ከመነካካትሽ በፊት ተናጋሪውን ለዪ

እህቴ፣ ከኮምቦልቻ የላክሽውን ጥያቄ አየሁት። ቤትሽ ዊንዶውስ ላይ በኖትፓድ የጻፍሽውን የፐርል ስክሪፕት (ፐርል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ የትእዛዝ ፋይል) በፍላሽ ይዘሽ ሄደሽ በመሥሪያ ቤትሽ የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ከዚያው ከፍላሹ ስታስኬጂው «ፈቃድ የለም» ይልሻል። ወደ ሌላ ፎልደር ስትገለብጪው ደግሞ ፋይሉ ዓይንሽ ፊት ተቀምጦ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል። እንደምንም ሲሠራልሽም ደንበኞችን በከተማ ለይ ብትዪው ሁሉንም የደሴ ሰው ያደርጋቸዋል። «ፐርልን ልተወው ይሆን?» ብለሻል። አትተዪው። ከዘረዘርሻቸው ችግሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የደረሱት ፐርል ገና ሥራ ሳይጀምር ነው።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ወጣቶች ስክሪፕት ይዘው ሲመጡ አስቀድሜ የምጠይቀው መልእክቱን የተናገረው ማን እንደሆነ ነው። ፐርል ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። መልእክቱ «ባሽ» ብሎ ከጀመረ ግን የተናገረው ሼሉ፣ ማለትም የምትጽፊውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም ነውና ኮድ መበርበር ትርፉ ድካም ነው። ለማረጋገጥ የፐርልን ትእዛዝ ጽፈሽ የፋይሉን ስም ከኋላው አስከትዪ። እንዲህ ሲሆን ከሠራ፣ ጥፋቱ ያለው በፈቃዱ ወይም በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው።

ፈቃዱ ቀላል ነው፤ ሲኤችሞድ (chmod) በተባለው ትእዛዝ የማስኬድ መብት ትሰጪዋለሽ። ፍላሽ ላይ እንዳለ ግን አይሆንልሽም፤ ብዙ ፍላሾች የሚጠቀሙበት ፋት የተባለው የፋይል አሠራር የዩኒክስን፣ ማለትም የሊኑክስንና የዘመዶቹን ፈቃድ ስለማይመዘግብ ደጋግመሽ ብታዢውም ለውጥ የለም። ወደ ራስሽ ፎልደር ገልብጠሽ እዚያ ፍቀጂለት።

«ፋይል የለም» የሚለው ነው ብዙ ሰው የሚያስመርረው። ዊንዶውስ እያንዳንዱን መስመር የሚዘጋው በሁለት የማይታዩ ምልክቶች ነው፤ የኮድ ቁጥራቸው 13 እና 10 ነው። ዩኒክስ መስመር የሚዘጋው በ10 ብቻ ነው። የስክሪፕትሽ የመጀመሪያ መስመር በ #! ጀምሮ ፐርል ያለበትን ቦታ ይናገራል፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ክፍል) ይህን ሲያነብ 13 ከፐርል ስም ጋር ተጣብቃ ትቀራለች። ጠፋ የተባለው እንግዲህ የአንቺ ፋይል አይደለም፤ ጅራት የበቀለበት «ፐርል» ነው፤ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ደግሞ በእርግጥም የለም። መልእክቱን አስተውለሽ ብታዪው ከ ^ ምልክት ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን ኤም ታገኚያለሽ። ዶስ-ቱ-ዩኒክስ (dos2unix) የተባለችው ትንሽ ፕሮግራም በአንድ ትእዛዝ ታጸዳዋለች። ከዚያ በኋላ ስክሪፕቱን እዚያው ሊኑክሱ ላይ ብትጽፊው ይሻላል። የቆየው ኖትፓድ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ኮድ ስታስቀምጪ ፋይሉ መግቢያ ላይ ሦስት የማይታዩ ባይቶችንም ይጨምራል፤ ያኔ ከርነሉ #! ን ስለማያገኝ ሼሉ የፐርል ኮድሽን እንደ ራሱ ትእዛዝ ሊያነብ ይሞክርና «ዩዝ (use) የሚባል ትእዛዝ አላገኘሁም» ይላል። መድኃኒቱ ባይቶቹን ማስወገድ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ማንም ሳይናገር ሲቀር ነው፤ የከተሞቹ ጉዳይ እንዲህ ያለ ነው። ስክሪፕትሽ ከተሞቹን ያነጻጸረው በ == ሳይሆን አይቀርም። ፐርል እኩልነትን ለማየት == ን የሚጠቀመው ለቁጥር ነው፤ ለጽሑፍ ኢኪው (eq) አለ። «ደሴ» እና «ኮምቦልቻ» በ == ሲነጻጸሩ ሁለቱም ወደ ቁጥር ይለወጣሉ፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ደግሞ በቁጥር ዋጋው 0 ነው። 0 ከ 0 እኩል ስለሆነ ባቲም፣ ሐይቅም፣ ከሚሴም ደሴ ሆነው ቁጭ ይላሉ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሳይወርዱ ኮምቦልቻ መግባት ይሏል ይህ ነው! ዩዝ ስትሪክት (use strict) እና ዩዝ ዋርኒንግስ (use warnings) የተባሉት መስመሮች ስክሪፕቱ ራስ ላይ ቢኖሩ ኖሮ ሁለተኛው «ይህ ቁጥር አይደለም» ብሎ ከነመስመሩ ይነግርሽ ነበር። ሁለቱ የሌሉበት ስክሪፕት ሲመጣልኝ ሌላውን ማንበብ አልጀምርም።

ወደ ኢኪው ስትቀይሪው ተቃራኒው ይገጥምሽ ይሆናል፤ አንድም ደሴ አይገኝም። ከተማው የመስመሩ መጨረሻ ላይ ከሆነ የመስመር መዝጊያው አብሮት ይነበባል። ቾምፕ (chomp) የተባለው የፐርል ትእዛዝ ይህን ይቆርጣል፤ ዝርዝሩ ከዊንዶውስ የመጣ ከሆነ ግን የሚቆርጠው 10ን ብቻ ነው፤ ያቺው 13 እዚህም ትጠብቅሻለች። የዝርዝሩንም ፋይል አጽጂው።

ቀጥሎ ፊደላችን አለ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ፐርል «ደሴ»ን ርዝመቱ 6 ነው ቢልሽ ባይት እየቆጠረ ነው። ዩዝ ዩቲኤፍ-8 (use utf8) የሚለው መስመር በስክሪፕቱ ውስጥ የተጻፈውን ብቻ ያስተካክላል፤ ከፋይል የሚነበበውን አይነካም። ይህን መስመር አስገብተሽ ፋይሉን ኢንኮዲንጉን (የፊደል ኮዱን ዓይነት) ሳትነግሪው ከከፈትሽው፣ በአንድ ወገን 2 ፊደል፣ በሌላ ወገን 6 ባይት ይሆንና ሁለቱ «ደሴ» መቼም አይገናኙም። ፋይሉን ስትከፍቺም፣ ውጤቱን ስታትሚም ኢንኮዲንጉን ንገሪው። ግማሹን አድርጎ መተው ጨርሶ ካለማድረግ ይብሳል።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፐርልዶክ (perldoc) የተባለው ትእዛዝ የፐርልን መመሪያ ከኮምፒውተርሽ ላይ ያነብልሻል፤ ኡቡንቱ ከሆነ ግን ፐርል-ዶክ የሚባለውን ጥቅል አስቀድመሽ ጫኚ። ስክሪፕቱንም ቴስት (test) ብለሽ አትሰይሚው፤ ሼሉ በዚሁ ስም የራሱ ትእዛዝ ስላለው ያንቺን ትቶ የራሱን በዝምታ ያስኬዳል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ የሚቀር መልእክት ካለ፣ ፎቶ ሳይሆን ጽሑፉን ከመጀመሪያው ቃል ጀምረሽ ገልብጠሽ ከስክሪፕቱ ጋር ላኪልን።