እግዚአብሔርን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ ሹፌር ነበር። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግማሽ ጎኑ አይታዘዝለትም። አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆንን ለሕክምና ሲወጣ የሰፈር ልጆች በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ያወርዱልኛል። እኔ እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቅ አስረክባለሁ። ጎረቤት ሊጠይቅ ይመጣና «ምን በድላችሁ ይሆን? ንስሐ ግቡ» ብሎኝ ይሄዳል። አንዷ ደግሞ «መድኃኒቱን ተዪውና ጠበል ብቻ ይጠመቅ» ትለኛለች። በቀደም ሌሊት መብራት ጠፍቶ እስኪመጣ ስጠብቅ ለጸሎት ቆምኩ። «ምን አድርጌህ ነው?» ብዬ ጮኽኩበት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አልገባም፤ ከደጅ ተሳልሜ እመለሳለሁ። ክርስቲያን መከራን ሳያጉረመርም መቀበል አለበት ሲባል እሰማለሁ። እምነቴ ጠፍቷል ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እምነትሽ አልጠፋም። የጮኽሽው ወደ ማን ነው? ወደ እርሱ አይደል? የለም ብሎ የቆረጠ ሰው ሌሊት ቆሞ ማንንም አይጠይቅም።

የኢዮብን ታሪክ ሁላችንም «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥሽ» እያልን እንመርቅበታለን። መጽሐፉን ከፍቶ ያነበበ ግን ሌላም ነገር ያገኛል። ኢዮብ ምዕራፍ 3 ላይ የተወለደበትን ቀን ረግሟል። ከዚያም ምዕራፍ በምዕራፍ ከእግዚአብሔር ጋር ይሟገታል። ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት ምድር ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። እስከዚያ ድረስ ደግ አደረጉ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ያንቺ ጎረቤት ያለሽን አሉት፤ «ብትበድል ነው»። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በኢዮብ ላይ እንዳይመስልሽ። ምዕራፍ 42 ቁጥር 7ን አንብቢ። የተቆጣው በሦስቱ ላይ ነው፤ ስለ እኔ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። ጭራሽ ኢዮብ እንዲጸልይላቸው አዘዛቸው። መከራው ለምን እንደመጣበት ግን ለኢዮብ እስከ መጨረሻው አልተነገረውም።

ጌታም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አስመልክተው ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ሲሉት «እርሱም ወላጆቹም አይደሉም» ነው ያለው (ዮሐንስ 9)። ስለዚህ ጎረቤቶችሽን በትሕትና ተያቸው፤ ነገራቸውን ግን አትያዢው። እግዚአብሔር የሚወደውን ይገሥጻል የሚለው ቃል እውነት ነው። ሰው ግን ለራሱ ይበለው እንጂ በታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ቆሞ ሌላውን አይፍረድበት። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን እንደሚርቅ ስለማይ ነው።

ዳዊት የሚደግም ሰው ሰኞ ሰኞ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ያደርሳል። መዝሙር 12 ላይ ሲደርስ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። ይህ አንቺ ከጮኽሽው በምን ይለያል? ቅዱስ ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኗል። አልተወገደለትም፤ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። ለመለመኑ ግን ማንም አልወቀሰውም። ሐምሌ 19 የምናስባት ቅድስት ኢየሉጣ እንኳ ስለ እምነቷ ልትጣልበት የነበረውን የፈላ ውኃ ስታይ ፈርታ ነበር። ያበረታት የሦስት ዓመት ልጇ ቂርቆስ ነው። መፍራቷን ቤተ ክርስቲያን አልደበቀችም፤ ከነፍርሃቷ ሰማዕት ትላታለች።

አንቺ መታገሥ አልቻልኩም ትያለሽ። እኔ ግን ባልሽን አጥበሽ፣ አብልተሽ፣ ሌሊት ምጣድ ፊት ቆመሽ ስታነጊ ነው የማየው። ትዕግሥት ሌላ ምን ይሆናል?

መድኃኒቱን እንዳታስቆሚው። የደም ግፊት መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ስትሮክ ዳግመኛ ሊመታው ይችላል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንድ ጌታ ነው። ይጠመቅ፣ ክኒኑንም በሰዓቱ ይዋጥ። መታገሥ ማለት መፍትሔ ያለውን ነገር ዝም ብሎ ማየት አይደለም።

ከደጅ መመለሱን ግን ተዪ። ግቢ። ቃል ካጣሽ ቆመሽ አልቅሺ፤ ቅዳሴው ሲደርስ ከሕዝቡ ጋር «እግዚኦ ተሣሃለነ» በዪ፣ እሱ ይበቃል። የንስሐ አባትሽንም ቤት ድረስ ጥሪያቸው። ከአራተኛ ፎቅ መውረድ ላልቻለ ሰው ካህኑ መውጣት አለባቸው፤ ያዕቆብ ምዕራፍ 5 የታመመ ሰው ካህናትን ይጥራ፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ይላል። ጸሎተ ቀንዲል ያድርሱለት። የጾሙንም ነገር እርሳቸው ይወስኑለት፤ የታመመን ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደ ጤነኛ ጹም አትልም።

አንድ ነገር ልጨምር። በጥያቄሽ ውስጥ ባለቤትሽ ራሱ ምን እንደሚል አልነገርሽኝም። እርሱም የራሱ «ለምን» ይኖረዋል፤ ምናልባት አንቺን ላለማሳዘን ውጦት ይሆናል። ካህኑ ሲመጡ ቡና አፍዪላቸውና ለጥቂት ጊዜ ሁለቱን ብቻቸውን ተያቸው።