ሮክን ከሌላ ስልት ለምታዋህዱ ልጆች

ልጆች፣

ሃርድ ሮክን ከሬጌ፣ ከፋንክ፣ ከሂፕ ሆፕ ጋር ቀላቅለን በመጀመሪያ አልበማችን የራሳችንን ድምፅ እናመጣለን ትላላችሁ። መልካም። ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት ግን ጊታሪስቱንና ድምፃዊውን አስቀምጡና ቤዙና ድራሙ ብቻ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ይጫወቱት። ሁለቱ ስልቶች እዚያ ካልተሰሙ ቅልቅሉ ላይ ላዩን ነው። ስንኙ ሬጌ፣ አዝማቹ ሮክ፣ መሐል ላይ ትንሽ ራፕ፤ ይህ የተጣፈ ልብስ ነው፣ ስፌቱ ከሩቅ ይታያል።

ሬጌን ልውሰድ፤ ብዙዎቻችሁን የሚያሳስታችሁ እሱ ነው። በአራት በሚቆጠረው በተለመደው የሮክ ምት ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) 1 እና 3 ላይ፣ ስኔሩ (በዱላ የሚመታው ጥርት ያለው ከበሮ) 2 እና 4 ላይ ያርፋል። «ዋን ድሮፕ» የሚባለው የሬጌ የድራም ምት ግን 1ን ባዶ ይተውና ክብደቱን 3 ላይ ይጥላል። የስልቱ ነፍስ ያለችው በዚያ ባዶ ቦታ ነው። ጊታሪስቱ ደግሞ በዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ በሚያሻክረው ዕቃ) የወፈረ ረጅም ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ከ1 ጀምሮ ይለቅበታል። ባዶው ይሞላል፣ ሬጌውም አበቃለት፤ ከዚያ ወዲያ ድራመሩ ምንም ቢያደርግ አይመልሰውም። የጊታሩን ድምፅ መቀነስም አይጠቅምም። የሚመታው እጅ መዳፍ ጠርዝ ክሮቹ ላይ አርፎ 1ን ያፍን፣ ኮርዱ 2 ላይ ይነሳ፣ ልክ ኪኩ 3 ላይ ሲመታ ይቆረጥ። በደቂቃ 70 ምት ተለማመዱት፤ ፈጥናችሁ ስትጫወቱት ስሕተቱ ይደበቃል።

ከጃዝና ከሶል ኮርድ የምትወስዱም አላችሁ። በንጹሕ ጊታር ያማረው ኮርድ ዲስቶርሽን ሲከፈት ጭቃ የሚሆነው አምፕሊፋየሩ ስለተበላሸ አይደለም። ዲስቶርሽን ሁለት ኖታዎች ሲገቡበት የልዩነታቸውን ድምፅ ጨምሮ ያወጣል። 110 ሄርዝ ላይ ያለው «ላ» ከእሱ ሲቆጠር አምስተኛ ከሆነው ኖታ ከ165 ጋር ሲመታ ልዩነቱ 55 ነው፤ ይኸውም ራሱ «ላ»፣ አንድ ኦክታቭ (በሄርዝ ግማሽ) ዝቅ ብሎ። ፓወር ኮርድ (መነሻውና አምስተኛው ኖታ ብቻ ያሉበት ኮርድ) ደረት የሚመታው ለዚህ ነው። ሦስተኛው ኖታ ግን 138.6 ላይ ነው፤ ልዩነቱ 28.6 ይሆናል፣ የታችኛው «ላ» ደግሞ 27.5 ነው። አይገጥሙም፣ ይጋጫሉ። ስለዚህ ኮርዱን አከፋፍሉት፦ በዲስቶርሽን ያለው ጊታር መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ይያዝ፤ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ንጹሑ ጊታር፣ ኪቦርዱ ወይም አጃቢ ድምፃውያን ይውሰዱት።

ምትን ከምት ማጋጨት ለሚፈልግ ከሌድ ዜፕሊን «ካሽሚር» (1975) የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ሪፉ (ተደጋጋሚው የጊታር ሐረግ) በ3 ይዞራል፣ ድራሙ በ4 ይሄዳል፤ በየ12ቱ ምት፣ ሪፉ አራት ጊዜ ድራሙ ሦስት ጊዜ ሲዞር፣ እኩል ይገናኛሉ። ስትሞክሩት የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ ድራመሩ ሳያውቀው ጊታሩን መከተል ይጀምርና ሁሉም ነገር 3 ይሆናል። ድራመሩ ጮክ ብሎ በ4 እየቆጠረ ይጫወት፤ አፉ ከተሳሳተ እግሩም ተሳስቷል።

«የራሳችን ድምፅ» የምትሉት ከዕቃ ብዛት አይመጣም። ሮክን ከራፕ ያዋሃዱት ሬጅ አጌንስት ዘ ማሺን በ1992 የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ሳምፕልም (ከሌላ ቅጂ የተቆረጠ ድምፅ)፣ ኪቦርድም፣ ሲንተሳይዘርም እንዳልተጠቀሙ ጽፈዋል፤ የዲጄው ጩኸት የሚመስለውን ሁሉ ጊታሪስታቸው ቶም ሞሬሎ ያወጣው ከጊታር ነው። አንዱ ዘዴ ቀላል ነው፦ ለየፒካፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይረው ክፍል) የየራሱ ድምፅ መቆጣጠሪያ ባለው ጊታር ላይ አንዱን ዜሮ፣ ሌላውን ሙሉ አድርጋችሁ የፒካፕ መቀያየሪያውን በምት ማርገብገብ። ለሁለቱም ፒካፕ አንድ መቆጣጠሪያ ብቻ ባለው ጊታር አይሠራም፣ በከንቱ አትድከሙ።

የብላክ ሳባት ባንድ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በፋብሪካ አደጋ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ አጥቷል። በ1971 «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» አልበም ላይ በአንዳንድ ዘፈኖች ጊታሩን ሦስት ሴሚቶን (የፒያኖ ሦስት አጎራባች ቁልፍ ያህል) ዝቅ አድርጎ ቃኘው፤ የክሩ መላላት ለጣቱ አመቸ፣ ድምፁም ከበደ። እናንተ ግን ያንን ቅኝት በተለመደው 10–46 ክር (የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት በሺኛ ኢንች) ስትገለብጡ ውጥረቱ ከ100 እጅ 29 ያህል ይቀንሳል። ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ ኖታው መነሻው ላይ ከፍ ብሎ ይመለሳል፤ ግራና ቀኝ የተቀዱ ሁለት ጊታሮች ደግሞ ፈጽሞ አይስማሙም። 12–56 ክር ውጥረቱን ወደ ነበረበት ያስጠጋዋል። ክሩን ከቀየራችሁ በኋላ 12ኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለ የብረት መስመር) ላይ ተጭናችሁ የምታወጡትን ኖታ እዚያው ቦታ በስሱ ነክታችሁ ከምታወጡት ሃርሞኒክ ጋር አስተያዩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ድልድዩ ላይ ያለውን የክር መቀመጫ ወደ ኋላ ሳቡት። ይህን ሳያደርጉ መቅዳት የስቱዲዮ ሰዓት ማቃጠል ነው፤ በሚክስ (በኋላ የተቀዱትን ድምፆች ስታዋህዱ) አይስተካከልም።

ግራና ቀኙን ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጫውታችሁ ቅዱት። አንዱን ኮፒ አድርጎ ሌላው ጎን ላይ መለጠፍ ድምፁን መሐል ላይ ያጎላዋል እንጂ አያሰፋውም።

የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ላይ ብዙ አልቆይም። በሸክላ የምታሳትሙ ከሆነ ግን በየገጹ ከ20 ደቂቃ ብዙም አትለፉ፤ ሲረዝም ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ይቀረጻል። ሸክላው በአንድ ፍጥነት ስለሚዞር መርፌው ወደ መሐል ሲጠጋ በአንድ ዙር የሚያገኘው መንገድ ያጥራል፤ ሲምባልና «ስ» የበዛበት ዘፈን እዚያ ይሻክራል። ጩኸታሙን ከዳር አስቀምጡት፣ ዝግተኛውን ዘፈን በየገጹ መጨረሻ።