ወደ ንዝረት ምርምር ለምትገቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ሱፐርኮንዳክቲንግ ሰርኪዩትን (እጅግ ሲቀዘቅዝ ያለ ተቃውሞ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ዑደትን) ተጠቅሞ የአንድን ቁስ ንዝረት እስከ ኳንተም ደረጃ ስለ መቆጣጠር፣ ለዚህም ሥራ በምን መዘጋጀት እንደሚገባ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። በዚህ ሙያ ፀጉሬ ሸብቷልና የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከሁሉ አስቀድማችሁ ሙቀት በየት በኩል እንደሚገባ መፈለግን ተማሩ።

የተመታ የክራር ጅማት ጥቂት ቆይቶ ዝም ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን አቶሞቹ በሙቀት ስለሚናወጡ በእውነት ዝም አይልም። የንዝረት ጉልበት ተቆጥሮ የሚሰጥና ተቆጥሮ የሚወሰድ ሲሆን፣ የመጨረሻ ትንሹን መጠን ፎነን እንለዋለን። በሰከንድ 6 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ነገር በተራ ክፍል ሙቀት 1,000 ያህል ፎነን ይይዛል። በዚያ ሁሉ ትርምስ መካከል አንዷን ፎነን ለይቶ ማዘዝ አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የአንድሩ ክሌላንድና የጆን ማርቲኒስ ቡድን የመረጠው መንገድ በሰከንድ 6 ቢሊዮን ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ነዛሪ ነበር፤ ድግግሞሹ ከፍ ባለ መጠን በቅዝቃዜ የሚቀረው ፎነን ያንሳልና። ነዛሪው 25 ሚሊ ኬልቪን አካባቢ (ከፍጹም ዜሮ በ25 ሺኛ ዲግሪ ብቻ ከፍ ያለ ቅዝቃዜ) ሲደርስ፣ የቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ ፍሪጅ ብቻውን በአማካይ ከ0.07 ፎነን በታች አወረደው። ነዛሪው የተሠራበት አሉሚኒየም ናይትራይድ ሲጨመቅና ሲለጠጥ ቮልቴጅ ስለሚፈጥር፣ ከነዛሪው ጋር የተያያዘው ሱፐርኮንዳክቲንግ ኪዩቢት (ሁለት የጉልበት ደረጃዎች ያሉት የኳንተም ሰርኪዩት) አንድ ፎነን ሊሰጠውና መልሶ ሊቀበለው ቻለ። ንዝረቱ ግን ከ6 ናኖ ሰከንድ ያህል በላይ አልቆየም።

ለእኔ ይበልጥ የሚያስተምረው በቀጣዩ ዓመት በኮሎራዶ ቦልደር፣ በአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም የተሠራው ነው። እነርሱ 15 ማይክሮ ሜትር ስፋት ያለው፣ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚርገበገብ የአሉሚኒየም ከበሮ ይዘው ተነሡ። እንዲህ ያለ ዝግ ያለ ንዝረት በ20 ሚሊ ኬልቪን እንኳ 40 ያህል ፎነን ስለሚይዝ ፍሪጁ ብቻውን አይበቃውም። ስለዚህ ከሰርኪዩቱ ድግግሞሽ በከበሮው ድግግሞሽ ልክ ዝቅ ያለ ማይክሮዌቭ ላኩበት፤ እያንዳንዱ ፎቶን (የማይክሮዌቩ ትንሹ የጉልበት መጠን) ወደ ሰርኪዩቱ ለመግባት የጎደለውን ጉልበት ከከበሮው እየወሰደ ይወጣል። በዚህ ዘዴ ከበሮው በአማካይ ወደ 0.34 ፎነን ወረደ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ የቦልደርና የፊንላንዱ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ከበሮዎችን በኳንተም ቁርኝት (የአንዱ ሁኔታ ከሌላው ተነጥሎ ሊገለጽ በማይችልበት ትስስር) አስተሳሰሩ።

ይህን ሁሉ በጽሑፍ ስታነቡት ቀመሩ ብቻ የሠራው ይመስላችኋል። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ መስሎኝ ነበር። የእኔ ነዛሪ ከጥቂት ፎነኖች በታች አልወርድ ሲለኝ ለአራት ወራት ስሌቱን ደጋግሜ ሠራሁ፤ ነዛሪውን ከሰርኪዩቱ የሚያገናኘውን መቆራኛ ቀየርሁ፤ አዲስ ቺፕም ሠራሁ። በመጨረሻ ፍሪጁ ለሌላ ሥራ ሲከፈት፣ በየደረጃው ከሚቀዘቅዙት ደርቦቹ በ4 ኬልቪኑ ላይ የምልክት ማዳከሚያውን (በገመዱ የሚወርደውን ምልክትና ጫጫታ የሚቀንሰውን ዕቃ) ከመዳብ ሰሌዳው ጋር የሚያጣብቀው ብሎን በጣቴ ስነካው ዞረ። ማዳከሚያው ራሱ ስላልቀዘቀዘ የራሱን ሙቀት በማይክሮዌቭ ጫጫታ መልክ ወደ ቺፑ ይልክ ነበር። ብሎኑን አጠበቅሁ፤ በሚቀጥለው ማቀዝቀዝ ያው አሮጌ ቺፕ ወረደ።

ስለዚህ ፍሪጁ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱን ገመድ ከላይ እስከ ታች በእጃችሁ ተከተሉ፤ በየደርቡ በምን እንደተያያዘና ማን እንዳጠበቀው በመዝገብ ጻፉ። አንድ ማቀዝቀዝ ቀናትን ይፈጃል፤ ይህ ፍተሻ ግን ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።