«ነገ ና» ስንት ሰዓት ይበላል?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የአሉሚኒየም በርና መስኮት መሥሪያ ከከፈትክ ስምንት ወርህ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ትሠራለህ። ሥራው ግን በቀኑ አይደርስም፣ ደንበኛ ይጨቀጭቅሃል፣ እንቅልፍም የለህም። «ጊዜዬን የሚያስተካክልልኝ አፕ ጠቁሙኝ» ብለሃል። ሌሎቹ የጠቆሙህን አፖች አየኋቸው፤ ክፉ አይደሉም። አፑን ከማውረድህ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። በቀን ስንት ሰው «ነገ ና» ትላለህ?

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር ነው። ለማታውቁት፣ የሰፈሩ ስም የመጣው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ሰፊዎች በጠባቡ መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረው ቀኑን ሙሉ ያንን ግርግር ያሰማሉ። ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንድ ጠባይ ነበራቸው፤ መቀስ ከያዙ አያወሩም። ሰላም ያላቸውን ሰው በዓይናቸው ብቻ ይመልሱታል። ያኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር።

ድሬ ወርጄ ከዚራ ሰፈር ሱቅ ስከፍት የሳቸውን ጠባይ እዚያው ሐረር ጥዬው መጣሁ። ደንበኛ ንጉሥ ነው ተብሎ የለ? ስልክ ሲጠራ አነሳለሁ። ሰው ሲገባ ከመኪናው ላይ እነሳለሁ። ሁሉንም «እሺ፣ ነገ ና» እላለሁ። አቦ፣ እንዴት ያለ ጥሩ ሰው ነበርኩ!

ነሐሴ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። ነሐሴ ለኛ የዩኒፎርም ወር ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ሱሪ ተቀብዬ ጨርቁን 20 ድርብ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩ። በጠመኔ አሰመርኩ። የመጀመሪያውን ቁጥር ቆርጬ ስጨርስ ስልክ ጠራ። አንድ ደንበኛ ነው፤ «ሱሪዬ ደረሰ?» ይላል። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ይዤ «አዎ፣ እየተተኮሰ ነው» አልኩት። ወላሂ፣ የሱ ጨርቅ ገና ከፌስታሉ አልወጣም። እሱን እየዋሸሁ እጄ መቁረጡን ቀጥሏል። ስልኩን ስዘጋ የትኛው መስመር ላይ እንደሄድኩ አየሁ። ለስምንተኛ ክፍል የታዘዘው ጨርቅ ለአራተኛ ክፍል ልጅ በሚሆን ልክ ተቆርጧል። አንድ ሱሪ ቢሆን ምንም አልነበረም። ሃያ ነው። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄጄ ከኪሴ ሌላ ጨርቅ ገዛሁ። ቀለሙም ከመጀመሪያው ትንሽ ለየት ይል ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ሰው ያየኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ነገር የሞከርኩት። የግድግዳ ካሌንደር ገንጥዬ ጀርባው ላይ ለአንድ ሳምንት መስመር አሰመርኩ። አዲስ ሥራ ይዞ ለመጣ ሰው አንድ መስመር፣ ልብስ ሊወስድ ለመጣ አንድ፣ «ደረሰ ወይ?» ሊለኝ ለመጣ ወይም ለደወለ አንድ። ሳምንቱ ሲያልቅ ሦስተኛው ረድፍ ከሁለቱ ድምር በለጠ። እነዚህ ሰዎች ማን ናቸው? የማላከብረውን ቀን የሰጠኋቸው ናቸው። «ደንበኛ ጊዜዬን በላው» እያልኩ ሳማርር የነበረው ራሴ ቀጥሬ ስለጠራሁት እንግዳ ነው። አንድ «ነገ ና» ብዙ ጊዜ ሦስት ምልልስ ይወልዳል። በየምልልሱ ሻይ፣ ይቅርታ፣ አዲስ ውሸት አለ። ከዚያ ተመልሰህ የቱ ጋ እንዳቆምክ ትፈልጋለህ።

ስለዚህ ቀን መስጠትን እንደ ሂሳብ ያዝኩት። አንድ ሸሚዝ እኔ ጋ ከመቁረጥ እስከ ቁልፍ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ በሰዓት ለካሁ። እኔ ስገምት የነበረው ግማሹን ነው! ተራ የያዘውን ሥራ በደብተር ደረደርኩ። በሳምንት 6 ቀን ብንሠራም የማሰላው 5 ቀን ብቻ ነው። አንዱን ቀን መብራት ይወስደዋል፤ ወይ ለቅሶ ይመጣል፤ ወይ ሠራተኛ ያመዋል። ካልወሰደው እሰየው፣ ቀድመን እናደርሳለን። አስቸኳይ ሥራ በቀን አንድ ብቻ እቀበላለሁ፤ ዋጋው ይጨምራል። ሁለተኛው አስቸኳይ ከመጣ ጎረቤቴ ጋ እልከዋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ደንበኛ ሄደብኝ፣ አልዋሽህም። «ሌላው ቤት በሁለት ቀን ይሰፋል» ብለው የሄዱ ነበሩ። ግማሾቹ ተመልሰዋል፤ እዚያም «ነገ ና» ተብለው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። የድሬ ቀን አንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት ነው። ይሄን አዲስ አበባ ያለ ሰው አይገባውም። ከ6 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ይወርድብሃል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ጫት ከአወዳይ ሲገባ ግማሹ ከተማ በርጫ ላይ፣ ማለትም ጫት መቃም ላይ ነው። ስለ በርጫው ክርክር አልገባም። እኔ ግን በጀማሪነቴ «ሌላው ሲተኛ እኔ እሠራለሁ» ብዬ በዚያ ሰዓት ስፌት ሞክሬያለሁ። ላቤ ነጭ ሸሚዝ ላይ ይንጠባጠባል፤ በዚያ ሰዓት የሰፋሁትን ማታ እፈታለሁ። ዛሬ ያንን ሰዓት እተኛለሁ፣ ያለ አንዳች ጸጸት።

የኔ ወርቅ ሰዓት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ጠዋት ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ዓይኔም ትኩስ ነው። ያኔ የምሠራው መቁረጥ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ቤቱ ውስጥ ከኔ በቀር ማንም አይቆርጥም። ሌላው ሁሉ፣ መዘምዘምም ቁልፍም መተኮስም፣ የሚሠራው ሰው አለው። ስልኩ የሚረዳኝ ልጅ ጋ ነው፤ የደወለውን ስምና ጉዳይ ደብተር ላይ ይጽፋል። ልክ መውሰድ፣ ቀብድ መቀበል፣ በቴሌግራም የሚላክ የዲዛይን ፎቶ ማየት ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ሰው ይለምደዋል። ከምታስበው በላይ ቶሎ ይለምዳል።

አንዱ ወንድማችን ስለ ፖሞዶሮ ጽፏል። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ተማሪ ሳለ በቲማቲም ቅርፅ በተሠራ የኩሽና ሰዓት የጀመረው ነው፤ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት። ሞከርኩት። መቀስ ጨርቅ መሀል ላይ ሳለ ሰዓቱ ቢጮህ ምን ታደርጋለህ? ለኔ የሠራው ለደብተር ሥራ ነው። ሂሳብ መጻፍ እጠላለሁ፤ 25 ደቂቃ ብቻ ነው ስባል እቀመጣለሁ። ሐምሌ ላይ ለግብር ደረሰኝ ፍለጋ ከሚታጣው ቀን ይሄ ይሻላል።

ወደ አንተ ሥራ ስመጣ፣ አሉሚኒየም አልቆረጥኩም፤ ግን የኔን መቁረጥ የሚመስለው ያንተ ልኬት ነው ብዬ እገምታለሁ። እዚያ ከተሳሳትክ መስኮቱ አይገጥምም። «ጠዋት መልካ ጀብዱ ለክቼ፣ ከዚያ ገንደ ቆሬ፣ ከዚያ ሳቢያን ተመለስኩ» ብለህ ጽፈሃል። ይሄ የባጃጅ ሥራ ነው ወንድሜ። አንድን አቅጣጫ በአንድ ቀን ያዝ፤ የመልካ ጀብዱ ሰው ሐሙስን ይጠብቅ። ብሎንና ማጠፊያ ባለቀ ቁጥርም ገበያ አትሩጥ። እኔ ክርና ዚፕ የምገዛው ሰኞ ብቻ ነው፤ የረሳሁት እስከሚቀጥለው ሰኞ ይቆያል። ሁለት ሳምንት ከተጎዳህ በኋላ መርሳት ታቆማለህ።

ዓመቱንም እየው። ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ቀደም እያለ ነው የሚመጣው። ባለፈው ዓመት የሠራልህ ፕሮግራም ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። እኔ ጋ በረመዳን መቁረጡ ጠዋት እንዳለ ይቆያል፤ ስፌቱ ግን ከተራዊህ የማታ ሶላት በኋላ ወደ ማታ ይዞራል። ለዒድ ልብስም የመጨረሻ ቀን በር ላይ እለጥፋለሁ። እናቴ ብትመጣ ከዚያ ቀን በኋላ አልቀበልም። ደህና፣ እናቴን እቀበላለሁ።

ካሌንደሩን ገንጥለህ ሳምንት ቁጠርና ሦስተኛው ረድፍ ስንት እንደሆነ እዚሁ ጻፍልን። ቁጭ ብለን ብናየው ከመረጥክም ከዚራ ና፣ ከዛፎቹ ሥር ቡና እጋብዝሃለሁ። ግን ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን። ጠዋት ከመጣህ በዓይኔ ብቻ ነው ሰላም የምልህ።