መልስ፦ ውሃ የሚያጎድል የድሮ ኮሮላ

ወንድሜ፣ «የራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም» ላልከው፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ለማስወረድ አትቸኩል። መጀመሪያ ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ራዲያተር መክፈት ፊት ያቃጥላል! ከዚያ በእጅ ባትሪ የቱቦዎቹን ማሰሪያና የዋተር ፓምፑን (ውሃውን በሞተሩ ውስጥ የሚያዞረው) ሥር እይ። ትንሽ ፍሳሽ ትኩስ ሞተር ላይ ስለሚደርቅ መሬት አይደርስም፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ምልክት ግን ይተዋል። የራዲያተር ክዳኑ ጎማም ይታይ፤ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ከረጠበ የሚያፈሰው የማሞቂያው ራዲያተር ሊሆን ይችላል።

ውጭው ሁሉ ደረቅ ሆኖ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቆመ ወይም የዘይት ክዳኑ ውስጥ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካየህ፣ ያኔ የቴስታታውን ጋስኬት (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥር። ዘይቱ ውስጥ ውሃ ከገባ ግን አትንዳው፣ በተጎታች ውሰደው።