ወንጪን በዋና ልሻገር? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ ሶስቱ ስለ ሐይቅ ዋና ናቸው፣ ስለዚህ የሌሎቻችሁን ለሚቀጥለው ወር አሳድሬ እነሱን አንድ ላይ ልመልስ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ልጁ የጻፈው ነገር እኔም ላይ የደረሰ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? 29 አመቴ ነው፣ ስታዲየም አካባቢ ነው የምሰራው፣ ላለፉት ሁለት አመታት በሳምንት አራት ቀን ከስራ በፊት ሆቴል ገንዳ እየሄድኩ እዋኛለሁ፣ አሁን ሳልቆም 4 ኪሎሜትር እሄዳለሁ። እቅዴ ወንጪን ካንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር መሻገር ነው፣ ከዛ እግዚአብሔር ካለ ውጭ ሄጄ ትልቅ ሐይቅ መጨረስ። ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሄደን ሞከርኩት። ዘልዬ ስገባ ትንፋሼ ቁርጥ አለ፣ ደረቴን የሆነ ነገር ጨምድዶ የያዘኝ መሰለኝ፣ ፊቴን ውሃ ውስጥ መክተት ሁሉ አቃተኝ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላኝ ወጣሁ። ጓደኞቼ ሲስቁብኝ ዋሉ። ገንዳ ውስጥ 4 ኪሎሜትር የሚሄድ ሰው እንዴት 50 ሜትር ያቅተዋል? ፈሪ ነኝ ማለት ነው? ልተወው ወይስ ልቀጥል?
ዋናተኛው፣ ከለገሃር

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ወጣህ። ከሁሉም በፊት ይሄን ልበልህ፣ ምክንያቱም አንተ ባለህበት ሁኔታ ላይ "አላፍርም" ብሎ ወደ መሀል የሚሄደው ሰው ነው የማይመለሰው። ፈሪ አይደለህም። ያጋጠመህ ነገር የብርድ ድንጋጤ ይባላል፣ ጎበዝ ደካማ አይልም፣ ቆዳህ ድንገት ሲቀዘቅዝ ሰውነትህ ሳትፈልግ አየር እንድትስብ ያደርግሃል፣ ትንፋሽህ ይፈጥናል፣ የልብ ምትህና የደም ግፊትህ አብሮ ይወጣል። ይሄ ነገር በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ይነካና ከሁለት ሶስት ደቂቃ በኋላ ይረግባል። አየህ፣ አንተ የወጣኸው ሊለቅህ ጥቂት ሲቀረው ነው። ግን ዘለህ ስለገባህ ያ የመጀመሪያው ያለፈቃድ ትንፋሽ ጭንቅላትህ ውሃ ውስጥ እያለ ቢመጣስ ኖሮ? ዳር ላይ፣ ሰው እያያቸው፣ ዋና እየቻሉ የሚሰምጡ ሰዎች ብዙዎቹ እንደዚህ ነው የሚሄዱት። ጓደኞችህን ይሄን አስነብባቸውና ሳቁን ይተዉት።

ለምን ገንዳ ውስጥ እንዲህ አልሆንክም ብለህ ከሆነ፣ የኛ ከተማ እኮ ራሷ በሙቅ ውሃ የተቆረቆረች ናት። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 አዲስ አበባን ሲመሰርቱ ዋናው ምክንያት ፍልውሃ ነው። ዛሬም ሂልተን ያለው የመስቀል ቅርጽ ገንዳ ከመሬት በሚወጣው ሙቅ ውሃ ነው የሚሞላው። መሀል አዲስ አበባ የሚዋኝ ሰው ክንዱና ሳንባው ይጠነክራል፣ ቆዳው ግን ብርድ የሚባል ነገር አያውቅም፣ እና ብርድ ለብቻው የሚሰለጠንበት ትምህርት ነው። የእንግሊዝ ቻናልን፣ ማለትም በእንግሊዝና በፈረንሳይ መሀል ያለውን ባህር፣ ለመሻገር የሚመዘገቡ ሰዎች መጀመሪያ ከ16 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ ለ6 ሰአት መዋኘታቸውን ማሳየት አለባቸው። ስንት ኪሎሜትር ሄድክ አይሏቸውም፣ ስንት ሰአት ቆየህ ነው የሚሏቸው።

ደግሞ ከፍታውን አትርሳ። የወንጪ ውሃ ወደ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ እዛ ጋር የምትስበው ኦክስጅን ባህር ጠለል ላይ ካለው ሲሶውን ሊያጣ ምንም አይቀረው። አዲስ አበባ ተወልደህ ያደግክ ከሆነ ትንሽ ይረዳሃል፣ ግን ብርድና ከፍታ ሲገናኙ ሌላ ነገር ነው። ሉዊስ ፒው የሚባለው ዋናተኛ እ.ኤ.አ. በ2007 ሰሜን ዋልታ ላይ ከዜሮ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ 1 ኪሎሜትር ዋኝቷል፣ በ2010 ደግሞ ኤቨረስት ስር 5,300 ሜትር ላይ ያለ ሐይቅ ሊዋኝ ሄደ፣ መጀመሪያ እንደለመደው በፍጥነት ፍሪስታይል (ክንድን እያፈራረቁ የሚወረወርበት ዋና) ሲሞክር ትንፋሽ አጥሮት ሊሰምጥ ነበር። ከዛ ሀሳቡን ቀየረና ቀስ ብሎ በብረስት (እንደ እንቁራሪት በደረት) ሄዶ 1 ኪሎሜትሯን 23 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጨረሳት። ያ ሰው እንኳን ፍጥነቱን መተው ግድ ሆነበት፣ አንተም ወንጪ ላይ የገንዳ ሰአትህን እርሳው።

አሁን የኔን ልንገርህ። እንግሊዝ ሀገር እያለሁ ዊንደርሚር የሚባለውን ሐይቅ ካንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ለመዋኘት ተነሳሁ፣ የእንግሊዝ ረጅሙ ሐይቅ ነው፣ 17 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ውሃው በዛን ቀን 15 ዲግሪ ነበር። ጀልባ ላይ አብሮኝ የነበረው ያገሬ ልጅ ነው። ከመግባቴ በፊት ተስማምተናል፣ ውጣ ካለኝ እወጣለሁ፣ ክርክር የለም። እስከ አራተኛው ሰአት ድረስ በጣም ደስ ይል ነበር፣ ተራራው ጉሙ ምኑ፣ እየዘመርኩ ነበር የምሄደው ብልህ ታምነኛለህ? ከዛ ቀስ እያለ ብርዱ ጠፋ። አየህ ይሄን ነው ልብ በል የምልህ፣ ብርዱ ሲጠፋ "ለመድኩት" ብዬ ደስ አለኝ፣ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው። አምስተኛው ሰአት አካባቢ ሊያጠጣኝ ሲያቆመኝ "የተወለድክበትን ሰፈር ስም ንገረኝ" አለኝ። ዝም አልኩ። አራት ኪሎ ተወልጄ አድጌ፣ አራት ኪሎ የሚለው ቃል አልመጣልኝም። እኔ ደህና ነኝ ለማለት ስሞክር ደግሞ አፌ ተሳሰረ። ውጣ አለኝ። ሰደብኩት፣ አለቀስኩ፣ 5 ኪሎሜትር ነው የቀረኝ አልኩት። እጄን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ። ዛሬ በህይወት ያለሁት በሱ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ የልጄ ክርስትና አባትም እሱ ነው።

ከሁለት አመት በኋላ ተመልሼ በ7 ሰአት ከ20 ደቂቃ ጨረስኩት። በሁለቱ መሀል የተቀየረው ክንዴ አልነበረም፣ አንድ ክረምት ሙሉ በየሳምንቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቁጭ ብዬ መዋሌ ነው።

ስለዚህ ቀጥል፣ ግን በቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ ሀኪም ጋር ሂድና ልብህንና ግፊትህን ታይ፣ ወጣት ነኝ ብለህ አትዝለለው። ከዛ ለሁለትና ሶስት ደቂቃ ብቻ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንገትህ ድረስ መግባት ጀምር፣ አምስት ስድስት ጊዜ ብታደርገው ያ ድንጋጤ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ለወራትም አብሮህ ይቆያል። አገባብህን ቀይር፣ መዝለል የለም፣ በእግርህ ገብተህ ፊትህንና ማጅራትህን አርጥብ፣ ትንፋሽህን በረጅሙ እያወጣህ ጠብቅ፣ ከተጨነቅክ በጀርባህ ተንሳፈፍ፣ ትንፋሽህ ሲመለስ ነው ዋና የሚጀመረው። ለልምምድ ቢሾፍቱ ሂድ፣ ባቦጋያና ሆራ ከወንጪ በ1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚሉ ለዘብ ያሉ ናቸው፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ጠዋት 1 ሰአት ብትገባ ግን አጥንትህ ድረስ ይገባሃል፣ የምትፈልገውም እሱን ነው። ቴርሞሜትር ግዛ፣ ውሃው ስንት ዲግሪ እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንደቆየህ በየጊዜው ጻፍ፣ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ብቻ ጨምር። ብቻህን በፍጹም እንዳትገባ።

ዌትሱት (ከብርድ የሚከላከለውን የላስቲክ የዋና ልብስ) ልልበስ ወይ ብለህ ባትጠይቀኝም ልበስ። የአለም አቀፉ የውሃ ስፖርት ማህበር እንኳን በክፍት ውሃ ውድድር ላይ ከ18 ዲግሪ በታች ከሆነ ግዴታ ያደርገዋል፣ ከ18 እስከ 20 ደግሞ በምርጫ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሻገር ለብሰህ ብትሻገር የተሻገርከው አንተው ነህ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ወንጪ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። ደከመኝ ብለህ በዋና ልብስ እዛ ወጥተህ እንዳትቆም፣ መንገድህን ከደሴቱ አርቀህ አውጣ፣ ከመግባትህ በፊትም ከአካባቢው ጀልባ ቀዛፊዎች ጋር ተነጋገር፣ ነፋሱ በስንት ሰአት እንደሚነሳ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባለቤቴ በሚቀጥለው ወር ቢሾፍቱ ሐይቅ ውስጥ ለሁለት ሰአት ሊዋኝ ነው፣ እኔ በጀልባ እንድከተለው ለምኖኛል። እኔ ዋና አልችልም፣ ስለ ስፖርቱም ምንም አላውቅም። ምን ነው የማየው? ምን ላጠጣው? ሲወጣስ ቶሎ እንዲሞቀው ሆቴል ወስጄ ሙቅ ሻወር ላስገባው ነው ያሰብኩት።
ከፒያሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንቺ ላይፍጃኬት ልበሺ፣ ያለሱ ጀልባው ላይ እንዳትወጪ። ስለ ስፖርቱ አለማወቅሽ ችግር የለውም፣ እሱን ታውቂዋለሽ አይደል፣ ስራው ለዛ ነው የሚፈልግሽ።

ስልክሽ ላይ ሰአት ያዢና በየ10 ደቂቃው ክንዱን በደቂቃ ስንቴ እንደሚወረውር ቁጠሪ፣ ጻፊው። 60 የነበረው ወደ 50 ከወረደ አቁሚውና አናግሪው። መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ጠይቂው፣ የልጆቻችሁን ልደት፣ የሰርጋችሁን ቀን። ደህና ነህ ወይ ብለሽ ብቻ እንዳትጠይቂው፣ ደህና ነኝ ነው የሚልሽ፣ እኔም ብዬ ነበር። ንግግሩ ከተንተባተበ፣ እግሩ ወደ ታች እየሰመጠ ከመጣ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ትቶ ወዲያ ወዲህ ካለ ወይም ያለምክንያት ከተቆጣሽ አውጪው። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ገደማ በሚበልጥ ፍጥነት ከሰውነት ይወስዳል፣ የሰውነት ውስጥ ሙቀት ደግሞ ከ35 ሲወርድ ጭንቅላት መፍረድ ያቆማል፣ ስለዚህ የመውጣት ውሳኔ ያንቺ ይሁን፣ ይሄን ከመግባቱ በፊት ከአፉ ቃል ተቀበዪው።

በየግማሽ ሰአቱ በገመድ ያሰርሽውን ጠርሙስ ወርውሪለት። ውጭ ያሉት የሚጠጡት የዱቄት መጠጥ አለ፣ እኔ ግን ቀጠን ያለ አጥሚት በማር አድርጌ በፔርሙዝ ይዤ ነው የማጠጣው፣ ለብ ይበል እንጂ አይፋጅ። በሶም ከበጠበጥሽው ይሆናል። ጾም ላይ ከሆነ ሌላ ጊዜ ያድርገው፣ ባዶ ሆድ ብርድን አይችልም፣ እዚህ ላይ አልደራደርም።

ሻወሩን ተይው። ሰው ከቀዝቃዛ ውሃ ከወጣ በኋላም የውስጥ ሙቀቱ ለ10 ለ20 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ መውረዱን ይቀጥላል። ሙቅ ውሃ ስር ብታቆሚው የቆዳው ደም ስር ይከፈትና ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅብሽ ይችላል። እኔ ዊንደርሚርን የጨረስኩ ቀን ከወጣሁ በኋላ ለአስር ደቂቃ ፎቶ ስነሳ ነበር፣ ከዛ እንዴት እንዳንቀጠቀጠኝ፣ ኩባያ መያዝ አልቻልኩም። እርጥቡን ቶሎ አውልቂለት፣ አድርቂው፣ ከላይ ጀምረሽ ደራርበሽ አልብሺው፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ጋቢ፣ ከነፋስ ከልዪው፣ ሻዩን በትንሽ በትንሹ ስጪው። ይንቀጥቀጥ፣ መንቀጥቀጡ ነው የሚያሞቀው። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ከቆመ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ግን ቀጥታ ሆስፒታል። መኪናውን አንቺ ንጂ ወይም ሹፌር ያዙ።

ጥያቄ፦ የ16 አመት ልጄ ገንዳ ሰልችቶት ሐይቅ ካልዋኘሁ ይለኛል። እኔ የምፈራው ቢልሃርዚያን ነው። የትኛው ሐይቅ ይሻላል?
አባት፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ አባቴ፣ ፍርሃትዎ ልክ ነው። ዝዋይ፣ ሐዋሳና ጣና ላይ ቢልሃርዚያ እንዳለ በጥናት ይታወቃል፣ በሽታውን የሚያመጣው ትል የሚተላለፈው ዳር ዳር ሳር ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካኝነት ነው። እኛ ሀገር ይሄን በሽታ በመዋጋት ሳይንቲስቱን አክሊሉ ለማን የሚያህል ሰው የለም፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይቶ ነው ምርምሩን የጀመረው። ለልጅዎ ላንጋኖ ይሻለዋል፣ ውሃው ቢደፈርስም ሰው በብዛት የሚዋኝበት ነው፣ ለዘብም ይላል። ጫሞና አባያ አዞ ስላለ ጭራሽ አይታሰብም። የትም ይሁን የት ሳር ያለበት ዳር ላይ አያቁሙት፣ እንዳይርቅ ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን ይዋኝ፣ ደማቅ ቀለም ያለው ኮፍያ ያድርግ። የሚያጠራጥር ውሃ ውስጥ ገብቶ ከነበረ ደግሞ ምርመራውን በማግስቱ ማድረግ አይጠቅምም፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ካለፈ በኋላ ይውሰዱት፣ ከተገኘበትም በሀኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን አለ፣ ይድናል።