ፒ10 ወይስ ፒ2.5? የኤልኢዲ ታፔላ ለሱቅ ደጃፍ

ጥያቄ፦ ሱቄ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ጽሑፉ የሚሮጥ የኤልኢዲ ታፔላ ልሰቅል ብጠይቅ አንዱ ሻጭ «ፒ10 ይበቃሃል» አለኝ፤ ሌላው ደግሞ በጣም ውድ የሆነውን ፒ2.5 ካልወሰድክ ይለኛል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? የጎረቤቴ ታፔላስ ጫፉ ላይ ለምን ይደበዝዛል?

መልስ፦ ቁጥሩ ከአንዷ ነጥብ መሃል እስከ ቀጣይዋ መሃል ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ይናገራል። አንድ ካሬ ሜትር ፒ10 10,000 ነጥብ ሲኖረው ፒ2.5 160,000 አለው፤ ዋጋውን የሚያንረው ይኸው ነው። ዓይን ነጥቦቹን አዋህዶ እንዲያይ በግምት የሚሊሜትሩን ቁጥር ያህል ሜትር መራቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ከመንገድ ማዶ ለሚያነብ ፒ10 ይበቃል። ፒ2.5 ባንኮኒ ፊት ለቆመ ሰው ነው፤ ለቤት ውስጥ የተሠራው ደግሞ ፀሐይ ላይ አይታይም፣ ዝናብም አይችልም።

ታፔላው የሚገጣጠመው ፓኔል ከሚባሉ ቁርጥራጮች ነው፤ የፒ10 አንዱ ፓኔል 32 በ16 ሴንቲሜትር፣ 32 በ16 ነጥብ ነው። በአንድ ፓኔል ቁመት ላይ ሁለት መስመር አይጻፍ። 8 ነጥብ ለላቲን ፊደል ይበቃል፤ የእኛ ፊደል ግን ቅጥያው ይጠፋና «ቱ» ከ«ቲ» አይለይም።

ጫፉ የሚደበዝዘው አምፖሎቹ አርጅተው አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ ከፓኔል ወደ ፓኔል በቀጭን ሽቦ እየተቀባበለ ስለሚደክም ነው። አንድ ባለ ቀይ ፒ10 ሙሉ ሲበራ በ5 ቮልት እስከ 4 አምፔር ይወስዳል። ለሦስት ፓኔል 12 አምፔር ማለት ነውና ባለ 20 አምፔር ፓወር ሰፕላይ (220ውን ወደ 5 ቮልት የሚቀይረውን) ይግዙ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ፓኔል ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ለየብቻ ያስዘርጉ። ሁሉም ነጥብ በርቶ እያለ መጨረሻው ፓኔል ላይ ይለካ፤ ከ4.5 ቮልት በታች ከሆነ ሽቦው ይወፍር ወይም ይጠር። ባለ ቀለም ታፔላ ላይ ይኸው ችግር ነጩን ጽሑፍ ያቀላዋል፤ ሰማያዊና አረንጓዴ 3 ቮልት ገደማ ሲፈልጉ ለቀይ 2 ስለሚበቃው ነው።

የደብረ ብርሃን ብርድ ለኤልኢዲ እንዲያውም ይስማማዋል። የሚጎዳው የንጋት ጤዛ ነው። ሳጥኑን ከላይና ከጎን በሲሊኮን ያስደፍኑት፤ ከሥሩ ግን 5 ሚሊሜትር የሚሆኑ ቀዳዳዎች ይተዉለት፣ አለዚያ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል። 220ውን ሳያጠፉ ግን ሳጥኑን እንዳይከፍቱ።

ጥያቄ፦ ሚኒ ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ከማይክሮ ኤልኢዲ ጋር አንድ ነው? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ አይደለም። ሚኒ ኤልኢዲ ከተለመደው የኤልሲዲ ስክሪን ጀርባ የሚደረደር መብራት ነው። በማይክሮ ኤልኢዲ ግን እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች፤ ለአንድ ፎር ኬ ስክሪን 25 ሚሊዮን ያህል ቅንጣት (ለእያንዳንዷ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ) ይደረደራል። ከ10,000 አንዷ ብቻ ብትበላሽ እንኳ 2,500 ገደማ የሞቱ ነጥቦች ይኖራሉ። ቅንጣቷ ባነሰች ቁጥርም በአቆራረጥ የሚጎዳው ጠርዟ ድርሻው እየበዛ ብርሃን ይባክናል፤ በቀዩ ይብሳል። ስለዚህ በተራ ቴሌቪዥን ዋጋ «ማይክሮ» ካሏችሁ አትመኑ። ሚኒ ስትገዙ ደግሞ የጀርባው መብራት ለየብቻ የሚደበዝዝ ስንት ዞን እንዳለው ጠይቁ፤ ዞኑ ጥቂት ከሆነ በጨለማ ትዕይንት ላይ በነጭ ጽሑፍ ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ይታያል።